ድምፅ አልባው ፊልም ጸሐፊውን እንዴት አኖረው? ጥያቄና መልስ

ርዕሳችን ፊልም አፍ ከመፍታቱ በፊት በስክሪፕት ጽሕፈት እንጀራቸውን የበሉ ሰዎች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰነዱ በብዛት ያለው አሜሪካ ስለሆነ መልሶቼም ወደዚያ ያዘነብላሉ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ተዋናዩ ካልተናገረ ጸሐፊው ምን ይጽፋል? ለቀልድ አይደለም፣ የምሬን ነው።

መጀመሪያ ላይ ምንም አይጽፍም ነበር ማለት ይቻላል። ዳይሬክተሩ ወይም ካሜራ ማኑ ሐሳቡን በቃል ይናገራል፣ ይቀረጻል፣ አለቀ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ባዮግራፍ የተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያ ሮይ ማካርዴል የሚባል ጋዜጠኛ ቀጠረ። በደመወዝ ለፊልም እንዲጽፍ የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚባለው።

ወረቀት ግዴታ የሆነው ፊልሙ ሲረዝም ነው። አንድ ሪል፣ ማለትም አንድ ጥቅል ፊልም፣ 1,000 ጫማ ነው። በሰከንድ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከታየ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይወስዳል፤ ፈጠን ተደርጎ ሲታይ ደግሞ ከዚያ ያጥራል። ያንን ሁሉ በቃል ይዞ መቅረጽ ያስቸግራል። ስለዚህ ማን በየትኛው በር ገባ፣ በእጁ ምን ያዘ፣ ደብዳቤውን ሲያነብ ፊቱ ምን ሆነ የሚለው ሁሉ ወረቀት ላይ ሰፈረ። የጸሐፊው ሥራ የሚታየውን መጻፍ ነበር።

ጥያቄ፦ በ1912 አንድ ተራ ሰው ጽፎ መሸጥ ቢፈልግ ከየት ይጀምራል? ስንትስ ያገኛል?

በፖስታ ነው የሚጀምረው። ኩባንያዎቹ ታሪክ ስለራባቸው በመጽሔት ማስታወቂያ ያወጡ ነበር። የሚላከው ጥቅል የታወቀ መልክ ነበረው፦ በታይፕ የተመታ፣ በገጹ በአንድ ጎን ብቻ የተጻፈ። ከላይ ርዕስና በ250 ቃል ገደማ የተጨመቀ ታሪክ፣ ቀጥሎ የገጸ ባሕርያት ዝርዝር፣ ቀጥሎ የቦታዎች ዝርዝር፣ በመጨረሻ በቁጥር የተከፋፈሉ ትዕይንቶች። ቴምብር የተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ ካልተጨመረ ጽሑፉ ላይመለስ ይችላል።

ክፍያው ለአንድ ሪል በአብዛኛው ከ10 እስከ 50 ዶላር ባለው ውስጥ ነበር። አኒታ ሉስ በ1912 ለወጣው «ዘ ኒው ዮርክ ሃት» 25 ዶላር ነው የተከፈላት፤ ዳይሬክተሩ ግሪፊዝ፣ መሪ ተዋናይቷ ሜሪ ፒክፎርድ ነበሩ። ማነጻጸሪያ ካስፈለገ፣ የመኪና አምራቹ ፎርድ በጥር 1914 አገር ጉድ ያሰኘውን የቀን 5 ዶላር ክፍያ ሲያውጅ፣ የሉስ 25 ዶላር የፋብሪካ ሠራተኛው የአምስት ቀን ገቢ ማለት ነው። ለአንድ ታሪክ አይከፋም። ችግሩ ክፍያው አንዴ ብቻ መሆኑ ነው። ፊልሙ አገር ቢያጥለቀልቅም ጸሐፊው ተጨማሪ ሳንቲም የለውም፣ ስሙም ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ጥያቄ፦ ውድቅ የሚሆኑት በምን ምክንያት ነበር? ዝርዝር ይስጡን።

ዋናው ምክንያት ታሪኩ በንግግር የሚፈታ መሆኑ ነው። «ልጁ የእሱ እንዳልሆነ ነገረችው» ብሎ የጻፈ ሰው ካሜራው ምን እንደሚያይ አልነገረንም። ልምድ ያለው ጸሐፊ እዚያ ቦታ ላይ ፎቶግራፍ፣ ቀለበት ወይም ደብዳቤ ያስገባል። በዚያ ዘመን ፊልሞች ውስጥ ያን ሁሉ ደብዳቤ የምናየው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው የገጸ ባሕርያት መብዛት ነው። ድምፅ በሌለበት፣ አብዛኛው ቀረጻም ከሩቅ በነበረበት ጊዜ፣ ኮፍያና ጺም ያላቸው አራት ወንዶች አንድ ሪል ውስጥ ከገቡ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል።

ሦስተኛው ወጪ ነው። ጀማሪው የባቡር ግጭት ይጽፋል፤ አንባቢው አርታኢ ደግሞ ሳሎን፣ ቢሮና መንገድ ነው የሚፈልገው። አንድ ክፍል ተሠርቶ ስድስት ትዕይንት ከተቀረጸበት ያዋጣል፣ ስድስት ክፍል ለስድስት ትዕይንት ግን ኪሳራ ነው። ከመጽሔት የተቀዳ ታሪክም ብዙ ነበር፤ አርታኢዎቹ ደግሞ መጽሔቶቹን ያነቡ ነበር።

ጥያቄ፦ ከልቦለድ ወስዶ መሥራት ፈቃድ ያስፈልገው ነበር?

እስከ 1911 ድረስ ብዙዎቹ ሳይጠይቁ ይወስዱ ነበር። ሕጉን ያስለወጠው ጉዳይ የተነሳው ከአንዲት ጸሐፊ ጠረጴዛ ነው። ኬለም የተባለው ኩባንያ በ1907 ተዋናይትና ጸሐፊ የነበረችውን ጂን ጎንቲየርን «ቤን ኸር»ን በአንድ ሪል እንድታሳጥር አዘዛት። ወፍራም ልቦለድ በሩብ ሰዓት! የመጽሐፉ አሳታሚ ሃርፐርና የመድረክ ተውኔቱ ባለመብቶች ከሰሱ። ኩባንያው ሥዕል ብቻ እንጂ ቃል አልወሰድንም ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ኅዳር 1911 ላይ በዳኛ ሆምስ ብዕር ተፈረደበት፦ ታሪክን በእንቅስቃሴ ማሳየትም ድራማ ማድረግ ነው ተባለ። ኬለም 25,000 ዶላር ከፈለ።

ነፃ ጸሐፊው ከዚህ ሁለት ነገር አተረፈ። ልቦለድ ነፃ ምርት መሆኑ ስለቀረ ኦሪጅናል ታሪክ ዋጋ አወጣ። በ1912 ደግሞ የቅጂ መብት ሕጉ ተሻሽሎ ፊልም ራሱን የቻለ ምድብ ሆነ። ሕጉ የጠበቀው ግን የተጠናቀቀውን ፊልም ነው። በፖስታ ውስጥ ያለውን ያልታተመ ጽሑፍ አልሸፈነም።

ጥያቄ፦ በፖስታ የስክሪፕት ትምህርት የሚሸጡ ድርጅቶች ነበሩ አሉ። ማጭበርበር ነው?

ሁሉም አይደለም። ሎስ አንጀለስ የነበረው ፓልመር ፎቶፕሌይ በውስጡ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩት። ነገር ግን ትምህርቱ የሚያዘጋጀው ሊዘጋ ላለ በር ነበር። የ«ታሪኬን ሰረቁ» ክስ ሲበዛ ስቱዲዮዎች ከማያውቁት ሰው የመጣ ፖስታ ሳይከፍቱ መመለስ ጀመሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሥራው በአብዛኛው በግቢው ውስጥ ለተቀጠሩት ብቻ ሆኗል።

ጥያቄ፦ በግቢው ውስጥ ያሉትስ ምን ይለያቸዋል? እነሱም የሚጽፉት ታሪክ አይደለም?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ ታሪክ ብቻ አይደለም የሚጽፉት። ከውጭ ያለው ሰው የሚሸጠው ሐሳብ ነው፤ የውስጡ ሰው የሚያወጣው ኮንቲኒዩቲ የሚባለውን፣ ማለትም ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ቅንጭብ በቁጥር የሚያስቀምጠውን ወረቀት ነው። ፕሮዲውሰሩ ቶማስ ኢንስ ከ1912 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ያስፋፋው አሠራር ይህ ነው። ዋና ጸሐፊው ጋርድነር ሱሊቫን ነበር። ወረቀቱ የትዕይንት ቁጥር፣ ቦታ፣ የተዋናዮችና የአልባሳት ዝርዝር፣ ፊልሙ በምን ቀለም እንደሚነከር (ለምሳሌ ሌሊት በሰማያዊ) ይዟል፤ የወጪ ሰንጠረዥም አብሮት ይያያዛል።

ጥቅሙን በምሳሌ ላሳይ። ትዕይንት 4፣ 19 እና 52 እዚያው ሳሎን ውስጥ ከሆኑ በአንድ ጠዋት ይቀረጻሉ፤ አናጺው ክፍሉን አንዴ ሠርቶ አንዴ ያፈርሰዋል። ጸሐፊው በትዕይንት 19 ጀግናው ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣቱን ካልመዘገበ ግን ከሳምንት በኋላ ውጭ የሚቀረጸው ትዕይንት 20 ላይ ኮፍያው ጭንቅላቱ ላይ ይገኛል። ያኔ ዳግም ቀረጻ ነው። ፕሮዲውሰሩ ሳምንታዊ ደመወዝ የሚከፍለው ይህን ለሚያድንለት ሰው ነበር።

ጸሐፊዋ ፍራንሲስ ማሪዮን ወርልድ ፊልም የተባለው ኩባንያ ስትገባ የተሰጣት ያለ ክፍያ የሁለት ሳምንት ሙከራ ነበር። አዲስ ታሪክ አልጻፈችም፤ መደርደሪያ ላይ የተጣለ፣ የኩባንያው አለቃ የብሬዲ ልጅ አሊስ የተወነችበትን ከባድ ድራማ አወጣች። አዲስ መግቢያና አዲስ መዝጊያ ጻፈችለትና ወደ ኮሜዲ ቀየረችው። በ9,000 ዶላር ተሸጠ፣ እሷም በሳምንት 200 ዶላር ውል ፈረመች። ከሉስ 25 ዶላር ጋር አስተያዩት።

ጥያቄ፦ በመሃል የሚመጡት የጽሑፍ ካርዶችን ማን ይጽፋቸዋል? ርዝመታቸውስ በምን ይወሰናል?

መጀመሪያ ያው ስክሪፕት ጸሐፊው ነበር፤ ኋላ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ሉስ ከተዋናዩ ዳግላስ ፌርባንክስ ጋር ስትሠራ የካርዶቿ ቀልድ ራሱ ሰው ይስብ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ16 ፍሬም ፍጥነት አንድ ጫማ ፊልም አንድ ሰከንድ ነው። የተለመደው ግምት ለአንድ ቃል አንድ ጫማ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ሕፃንም፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማር ስደተኛም አለና። እንግዲህ አሥር ካርድ አሥር አሥር ቃል ቢኖራቸው 100 ጫማ፣ ማለትም የሪሉን አንድ አሥረኛ በሉ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያንዛዛ ጸሐፊ ፊልም ሳይሆን መጽሐፍ እያስነበበ ነው። ካርድ በደንብ የሚገባው ጊዜ ሲዘል ወይም ቦታ ሲቀየር ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን ቀድሞ የሚናገር ካርድ ትዕይንቱን ይገድለዋል፤ በብዙዎቹ ላይ የሚታየው ጥፋትም ይኸው ነው።

ካርድ ቀረጻው ካለቀ በኋላም ፊልም ያድናል። ተዋናዩ የሚናገረውን የሚሰማ ስለሌለ ወንድምን ባል ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ እኔም ስክሪፕት ጸሐፊ ነኝ። ያኔ ሴቶች እንዲህ ከበዙ ለምን ኋላ ቀነሱ?

እህቴ፣ የገቡት ሥራው ገና ክብርም ገንዘብም ሳይኖረው ስለሆነ ማንም አልከለከላቸውም። ወደ ላይም ወጡ፦ ጁን ማቲስ የሜትሮ ስክሪፕት ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ በ1921 ለወጣ ፊልም ተዋናዩን ቫለንቲኖን ለመሪ ሚና ተሟግታ ያስመጣችው እሷ ናት። ጂኒ ማክፈርሰን ለዳይሬክተሩ ሴሲል ዴሚል ዓመታት ጽፋለች። ስቱዲዮዎች ወደ ትልልቅ ኮርፖሬሽንነት ሲያድጉ ግን ውሳኔው ወደ ፕሮዲውሰር ቢሮ ሄደ፣ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ደግሞ ወንዶች ነበሩ። ድምፅ ሲመጣም ከብሮድዌይ (ከኒው ዮርክ ቲያትር) እና ከጋዜጣ ቤት የመጡት አዲሶቹ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥቁር አሜሪካውያን ጸሐፊዎችስ?

ኦስካር ሚሾን ያንብቡ። የ1917 ልቦለዱን ሊንከን የተባለ የጥቁሮች ፊልም ኩባንያ ሊሠራው ጠየቀው። እኔው ልምራው ብሎ ሲከለከል የራሱን ኩባንያ ከፍቶ በ1919 ራሱ ሠራው። ቀጥሎ በ1920 የወጣው «ዊዝን አወር ጌትስ» ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ ቅጂው የተገኘው ስፔን ውስጥ ነው፣ ካርዶቹም በስፓኒሽ ነበሩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲያድሰው ካርዶቹ ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበረባቸው። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው በአብዛኛው የሚሾን ሐሳብ እንጂ ቃል በቃል ብዕሩን አይደለም።

ጥያቄ፦ አውሮፓስ?

ካርል ማየር አንድ ብቻውን ይበቃል። በ1924 ለወጣው «የመጨረሻው ሰው» ለተባለው የጀርመን ፊልም የጻፈው ታሪክ የሚገፋው ያለ ካርድ ነው፤ አንድ ካርድ ብቻ መጨረሻው አካባቢ ይመጣል። የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የሆቴል በረኛው፣ ውርደት በዩኒፎርሙ ነው የሚነበበው። የዳይሬክተሩን የሙርናውን የ1927 የሆሊውድ ፊልም «ሰንራይዝ»ንም ጀርመን ተቀምጦ ነው የጻፈው።

ጥያቄ፦ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ሥራ ፈቱ?

የካርድ ጸሐፊዎች፣ አዎ። በግንቦት 1929 በተሰጠው የመጀመሪያው ኦስካር ላይ ለካርድ ጽሑፍ ሽልማት ነበረ፣ ጆሴፍ ፋርናም ወሰደው፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ዘርፉ ተሰረዘ። የትዕይንት አወቃቀር የሚያውቁት ግን ተረፉ። ማሪዮን ሁለቱንም ኦስካሮቿን ያገኘችው ለድምፅ ፊልሞች ነው፦ አንዱ ለ1930፣ አንዱ ለ1931 ፊልም።

ጥያቄ፦ እውነተኛ ስክሪፕቶችን የት አገኛለሁ? አዲስ አበባ ነው ያለሁት።

በኢንተርኔት ይቻላል። የዘመኑ መጽሔቶች ስካን ሚዲያ ሂስትሪ ዲጂታል ላይብረሪ ላይ በነፃ አሉ። ስለ ሴት ጸሐፊዎቹ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ውሜን ፊልም ፓየኒርስ ፕሮጀክት አለ። ስም ስትፈልጉ የአባት ስም ብቻ አስገቡና በዓመት አጥብቡ፤ ስካኑ ፊደል ስለሚያሳስት ሙሉ ስም ብዙ ውጤት ያሳጣችኋል። ሴቶቹ ካገቡ በኋላ በሌላ ስም ሊጠሩ ስለሚችሉ ሁለቱንም ሞክሩ።