ደህና መሮ መቼ ይገዛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በር፣ መስኮትና ወንበር መሥራት ከጀመርሁ ስድስት ወሬ ነው። መሣሪያዎቼ ሁሉ ርካሽ ናቸው። ያጠራቀምሁት ጥቂት ገንዘብ አለኝ፤ ሁሉንም ልለውጣቸው ወይስ እስኪሰበሩ ልጠብቅ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁሉንም አትለውጥ። መዶሻህ እጀታው እስካልተነቃነቀ ድረስ ይበቃሃል። ገንዘቡን መሮ ላይ አውለው።

ደሴ ሥራ ስጀምር የነበረኝ መሮ ጠዋት ተስሎ ከምሳ በፊት ይደነዝዝ ነበር። የደነዘዘ መሮ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ መሮ ደግሞ ይስታል። የግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ዘመን ነው። ይህ እንዲደርስብህ አልፈልግም።

ነገር ግን ከመግዛትህ በፊት ያለህን በትክክል ሳለው። ስለቱን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አድርገው። በማሽን የምትስል ከሆነ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ጥፋቱ የመሮው አይደለም። በደንብ ተስሎም ጥቂት እንጨት እንደቆረጠ ስለቱ ከታጠፈ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ያን ጊዜ ሳትሳሳ ግዛ። ሙሉ ስብስብ አያስፈልግህም፤ ብዙ የምትጠቀምበትን፣ ለምሳሌ ስለቱ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ብቻ።

ስኳድራህንም፣ ማለት የዘጠና ዲግሪ ማዕዘን ማስመሪያህን፣ ፈትሽ። ቀጥ ባለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፈህ መስመር አስምር፤ ገልብጠህ ከዚያው ነጥብ ድገም። ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ ነገውኑ ለውጠው፤ በርህ የማይዘጋው በእርሱ ሊሆን ይችላል።