የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የከቨር 3 ቀዳዳ የት ነው?

ጥያቄ፦ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ተንታኞች ስለ መከላከል ሲያወሩ «ከቨር 2»፣ «ከቨር 3» ይላሉ። ቁጥሩ ምንን ነው የሚቆጥረው? ኳሱ ከመነሳቱ በፊትስ በዐይን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ የሚቆጠሩት ከኋላ ሆነው ረጅም ኳስ የሚጠብቁት ተከላካዮች ናቸው። በከቨር 2 ሁለቱ ሴፍቲዎች (የኋላ ተከላካዮች) ሜዳውን ለሁለት ይካፈሉታል፤ በከቨር 3 ሁለቱ ኮርነሮች (የዳር ተከላካዮች) እና አንድ ሴፍቲ ለሦስት፤ በከቨር 4 ለአራት። ከቨር 1 አንድ ሴፍቲ ከኋላ አስቀርቶ ሌላው ማን ቱ ማን (ሰው ለሰው) ይይዛል፤ በከቨር 0 ከኋላ ማንም የለም። የሜዳው ወርድ 53 ያርድ ከ1 ጫማ ስለሆነ በከቨር 3 ለአንድ ሰው 18 ያርድ ገደማ ይደርሰዋል፣ በከቨር 2 ግን 27 ገደማ።

መጀመሪያ ሴፍቲዎቹን ይቁጠሩ። አንዱ ብቻ መሃል ላይ ከ12 እስከ 15 ያርድ ርቆ ከቆመ 1 ወይም 3 ነው፤ ሁለት ከሆኑ 2 ወይም 4። ከዚያ ኮርነሩን ይዩ፦ ዐይኑ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ላይ ከሆነ ዞን (ቦታ መጠበቅ) ነው፣ ተቀባዩ ወገብ ላይ ከተተከለ ማን ቱ ማን። ይህ ግን ግምት ነው። ብልህ ቡድኖች ሁለት ሴፍቲ አሳይተው ኳሱ ሲነሳ አንዱን ወደ ፊት ያወርዱታል።

ጥያቄ፦ የአማተር ቡድን ተከላካዮችን አሠለጥናለሁ፣ የምንጫወተው ከቨር 3 ነው። ተጋጣሚ አራት ተቀባዮችን ቀጥ አድርጎ ባስሮጠ ቁጥር ተችዳውን ይቆጠርብናል። ሴፍቲያችን ቀርፋፋ ይሆን?

መልስ፦ ሴፍቲውን አይውቀሱት። ከኋላ ሦስት አሉ፣ የሚሮጡት አራት ናቸው። ሁለቱ የውስጥ ተቀባዮች ሴፍቲውና ኮርነሮቹ በሚዋሰኑበት መጋጠሚያ ሽቅብ ይወጣሉ፤ «ሲም» የሚባለው ይህ ነው። ኳርተርባኩ ግራውን ትኩር ብሎ ያያል፣ ሴፍቲው ሁለት እርምጃ ወደዚያ ይሳባል፣ ኳሱ በቀኝ ይሄዳል። ያቺን ሁለት እርምጃ የትኛውም ፍጥነት አይመልሳትም።

መፍትሔው ያለው ከፊቱ የጎን ዞን በያዙት ሁለት ሰዎች እጅ ነው። ብዙ ጊዜ «12 ያርድ ሂድና ቁም» ይባላሉ፤ እነሱ ባዶ ሣር ሲጠብቁ ተቀባዩ በጀርባቸው ያልፋል። ቦታ ሳይሆን ሰው ይስጧቸው። ከዳር ሲቆጠር ሁለተኛው ተቀባይ ቀጥ ብሎ 10 ያርድ ካለፈ ከሥሩ ተጣብቀው ይከተሉት። ኳርተርባኩ በላያቸው አሻግሮ ለመወርወር ይገደዳል፣ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈውን ኳስ ደግሞ ሴፍቲው ይደርስበታል። ተቀባዩ 5 ያርድ ሳይሞላ ወደ ዳር ከታጠፈ የጎን ዞናቸውን ይያዙ። ይህ አሠራር ፓተርን ማች ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1994 በክሊቭላንድ ብራውንስ አብረው የሠሩት አሠልጣኞች ቢል ቤሊቼክና ኒክ ሴባን በእጅጉ አዳብረውታል።

ሴፍቲውም ዐይን ሳይሆን እጅ ማየት ይልመድ፦ የኳርተርባኩ ነጻ እጅ ከኳሱ እስኪለቅ ድረስ ከመሃል አይነቃነቅ። በልምምድ ጊዜ እግሩን ብቻ በስልክ ይቅረጹለት፣ ቀድሞ መሳቡን ራሱ ያየዋል።

ዋጋ ያስከፍላል። የጎን ጠባቂው ወደ ኋላ ሲከተል ራኒንግ ባኩ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው አጥቂ) ዳር ላይ ነጻ ይሆናል። 4 ወይም 5 ያርድ ቢወስድ ከተችዳውን ይሻላል፤ በ3ኛ ዳውን (በሦስተኛው ሙከራ) 3 ያርድ ብቻ ሲቀር ግን ይህን ጥሪ አይጥሩ።

ጥያቄ፦ ቴምፓ 2 ከተራው ከቨር 2 በምን ይለያል?

መልስ፦ በመሃል ላይንባከሩ (ከፊት መስመሩ ጀርባ መሃል ላይ በሚቆመው ተከላካይ)። ተራው ከቨር 2 በሁለቱ ሴፍቲዎች መካከል ሰፊ ክፍተት ይተዋል፤ በቴምፓ 2 ላይንባከሩ ፓስ መሆኑን እንዳወቀ ጀርባውን ሰጥቶ ወደዚያ ይሮጣል። ስሙ የመጣው አሠልጣኞቹ ቶኒ ደንጊና ሞንቴ ኪፊን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በቴምፓ ቤይ ባካኒርስ ስላስፋፉት ነው። ኮርነሮቹ ተቀባዩን ገና ሲነሳ ገፍተው ወደ ውስጥ ካላስገቡት ሴፍቲው ዳር አይደርስም፤ በኤንኤፍኤል ደግሞ ያ ግፊት የሚፈቀደው እስከ 5 ያርድ ብቻ ነው። ላይንባከሩ ትቶት የሄደው ቦታ፣ መሃል ላይ ከ8 እስከ 12 ያርድ ያለው፣ ክፍት ይቀራል። ታይት ኤንዱ (ከአጥቂ መስመሩ ጫፍ የሚነሳው ተቀባይ) የሚቆመው እዚያ ነው።