የአባቴን ዲኤክስ ሞተር ግቢ ውስጥ እያደስኩ ነው፤ ብሎኩን ብቀይር ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ትቶልን ያለፈው ዲኤክስ የሚባለው ቶዮታ ኮሮላ መኪና አለን። ሞተሩ ዘይት መብላት ከጀመረ ቆይቷል። ጠዋት ሲነሳ ግቢው ሰማያዊ ጭስ በጭስ ይሆናል። ጋራዥ የተጠየቅኩት ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ሜካኒክ ከሆነው ከአጎቴ ልጅ ጋር በኮንዶሚኒየማችን መኪና ማቆሚያ ሞተሩን አወረድነው። ሲሊንደሮቹ ክፉኛ ተበልተዋል። ከሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ገበያው፣ ያገለገለ ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተሩን ዋና አካል) በ25,000 ብር ገዛሁ። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቆርጡና የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ዘንድ) ስወስደው ግን «ስንጥቅ አለው፣ አይሠራም» አሉኝ። ሻጩ «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ዘጋኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ ገንዘቡን የላክሁት በቴሌብር ነው። ላስመልሰው እችላለሁ? ሌላ ብሎክ ብገዛስ ሊብሬው ላይ ችግር ያመጣል? የግቢው ኮሚቴ ደግሞ ሥራውን አቁም እያለኝ ነው። ሊብሬው እስካሁን በአባቴ ስም ነው። ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመሀል ልጀምር። ገንዘብ ያስወጣዎት የመጀመሪያው ጥያቄ ቢሆንም ወደፊት ራስ የሚያዞረው ስለ ሊብሬው ያነሱት ነው።

መንግሥት መኪናዎን የሚያውቀው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ በሻንሲ ቁጥርና በሞተር ቁጥር። የሞተር ቁጥሩ የተመታው ደግሞ ብሎኩ ላይ ነው። ቴስታታ (የብሎኩን ክዳን) ቢቀይሩ፣ ኮሎ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ቢቀይሩ፣ ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚና (የዘንጉን ማረፊያ) በሙሉ አዲስ ቢያደርጉ በሕግ ዓይን ሞተሩ ያው የድሮው ሞተር ነው። ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅብዎትም። ብሎኩ ሲቀየር ግን ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቁጥርና መኪናው ላይ ያለው ቁጥር ይለያያሉ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት እንዲህ ያለው ለውጥ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ተመርምሮ መመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ ለክላውዶ (ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ሲቀርቡ፣ ሲሸጡ ወይም አደጋ ደርሶ ፖሊስ ቁጥር ሲያመሳክር ልዩነቱ ይወጣል።

ለማስመዝገብ ብሎኩ ከየት እንደመጣ ይጠየቃሉ። ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ከሌላ መኪና የወለቀ ከሆነ የዚያ መኪና ማስረጃና የሽያጭ ውል ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ብር ከመክፈልዎ በፊት የመኪናው ፋይል ካለበት የመንገድ ትራንስፖርት ቅርንጫፍ ይጠይቁ። «ወረቀት የለውም፣ ግን በርካሽ እሰጥሃለሁ» የሚልዎት ነጋዴ ርካሹን ክፍል ለራሱ አስቀርቶ ጣጣውን ነው የሚሸጥልዎ።

ብሎኩ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1161 የሚንቀሳቀስ ዕቃ በቅን ልቦና የገዛን ሰው ይጠብቃል። በአንቀጽ 1165 ግን ይህ ጥበቃ ለተሰረቀ ዕቃ አይሠራም። ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል። ስርቆት መሆኑን እያወቁ ከገዙ ደግሞ ነገሩ ወደ ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ይሄዳል። ቁጥሩ የተፋቀ ብሎክ ካዩ ዋጋም አይጠይቁ። የድሮውን ቁጥር አዲሱ ብሎክ ላይ አስመትቶ መገላገልም አለ፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ይሉዎታል። ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የሚጠየቀው ደግሞ የመታው ሰው ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ከሕግ ትንሽ ልውጣ። የድሮውን ብሎክ ለቆራሊዮ ሰጡት ወይስ አለ? ካለ ቶርኖ ቤቱን በደንብ ያስለኩት። መኪናዎ 4ኬ የሚባለው ሞተር ካለው ሲሊንደሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 75 ሚሊ ሜትር ነው። ሲበላ በ0.25፣ በ0.50 እያለ እስከ 1 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ለዚያ ልክ የተሠራ ፒስተን መግጠም ይቻላል። ከዚያ ካለፈም ካሚቻ (የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚተካ የብረት ቱቦ) ማስገባት አለ። ግድግዳው ይሰፋና አዲስ ካሚቻ ተጠቅጥቆ ወደ መጀመሪያው ልክ ይመለሳል። የቶርኖ ቤት ዋጋው ይጨምራል፤ ቁጥሩ ግን የራስዎ ቁጥር ነው፣ ሊብሬው አይነካም። እኔ ብሆን ሌላ ብሎክ ፍለጋ ከመውጣቴ በፊት ይህን ነበር የማስጠይቀው። ፒስተኑን አስቀድመው ገዝተው ከብሎኩ ጋር ለቶርኖ ቤቱ ያስረክቡ፤ የሚሰፋበትን ልክም በወረቀት ጽፈው ያስፈርሙ። ልኩ ቢሳሳት ያኔ ማን እንደሚጠየቅ አያከራክርም።

አሁን ወደ 25,000 ብሩ። «ያገለገለ ዕቃ አይመለስም» ንግግር እንጂ ሕግ አይደለም። ያገለገለ መሆኑ ማለት ስለ መበላቱ፣ ስለ ዝገቱ፣ ስለ እርጅናው ማማረር አይችሉም ማለት ነው። ይህን አውቀው ነው የገዙት። የተሰነጠቀ ብሎክ ግን ውሃና ዘይት ለይቶ መያዝ ስለማይችል ለብሎክነት አይሆንም። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ደንግጓል። ዋስ አልሆንም ብሎ አስቀድሞ ተስማምቶ እንኳ ቢሆን ስንጥቁን እያወቀ በቅባትና በቀለም ሸፍኖ ከሸጠ ያ ስምምነት አያድነውም። ሻጩ ሊከራከርበት የሚችለው ነጥብ «ስንጥቁ በዓይን ይታይ ነበር፣ አይቶ ነው የገዛው» የሚለው ነው። ስለዚህ ስንጥቁ የታወቀው ታጥቦ ሲፈተሽ መሆኑን ቶርኖ ቤቱ በሁለት መስመር ጽፎ፣ ቀን አድርጎ ይፈርምልዎ። ፎቶም ያንሱ፤ ስንጥቁ ብቻ ሳይሆን የብሎኩ ቁጥርም አብሮ ይግባ።

ደረሰኝ አለመኖሩ ብዙ አያስጨንቅዎ። ለዕቃ ሽያጭ ሕጉ የጽሑፍ ውል ግዴታ አላደረገም፤ ምስክር ይሰማል። የቴሌብር ክፍያው፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉት መልእክት፣ ብሎኩን የጫነልዎ ባለ ሚኒባስ ሁሉ ማስረጃ ነው። በስልክ ያለ መልእክትን ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ያውቀዋል። ከመልእክቶቹ አንዱንም አያጥፉ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በመቆየቱ ነው። ገዢ ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያይ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ይህ አንቀጽ 2291 እና 2292 ላይ አለ። ካሳወቁበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ክስ የሚመሠርቱበት ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በቃል ነግረውታል፤ ጥሩ ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍም ይድገሙት፦ መቼ እንደገዙ፣ ስንት እንደከፈሉ፣ ምን እንደተገኘ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንዲመለስ እንደሚፈልጉ። አጭር ይሁን፣ ስድብ አይግባበት። ብሎኩንም እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። «እስቲ እንበይደው» ብሎ የጀመረ ሰው እንደነበረ መመለስ ስለማይችል ክሱን በገዛ እጁ ያበላሻል። ሶማሌ ተራ ውስጥ ነጋዴው ስሙን ይወዳል። ሁለት ሽማግሌ ይዘው ደብዳቤውን ሱቁ ላይ ቢሰጡት ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ግማሹን እንኳ የማግኘት ዕድል አለዎት። ግማሹን ይቀበሉ ወይስ ይክሰሱ የሚለው የእርስዎ ሂሳብ ነው።

ኮሚቴው ከፊል እውነት አለው። የራስን መኪና ራስ መጠገን የጋራዥ ፈቃድ አይጠይቅም። ነገር ግን መኪና ማቆሚያው በጋራ ህንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ነው፤ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይገዛዎታል። ደንቡን አሳዩኝ ይበሉ። ደንቡ ዝም ቢልም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ጭስ፣ ሽታና ጫጫታ ከጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። ቀን ቀን ይሥሩ፣ የተቃጠለውን ዘይት ቱቦ ውስጥ አይድፉ፣ ሞተሩን ሌላ ቦታ ያስነሱት።

የመጨረሻውን ነገር በአንድ መስመር አልፈውታል፤ ሊብሬው በአባትዎ ስም ነው። በደብዳቤዎ መጀመሪያ «አለን» ብለዋል፤ ወንድምና እህት አሉ ማለት ነው። ውርሱ እስኪከፋፈል መኪናው የሁላችሁም ነው። አባትዎ በሕይወት ሳሉ ውክልና ሰጥተውዎት ከነበረ እሱም በሞታቸው አብቅቷል፤ በዚያ ውክልና መንገድ ትራንስፖርት ሄደው የሞተር ለውጥ አስመዘግባለሁ ማለት አይሠራም። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ። እስከዚያው «መኪናውን ይጠግን፣ ወጪው ይታሰብለት» የሚል አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ከፋሻው እስከ ጓርኒሲዮኑ (በክፍሎቹ መገጣጠሚያ እስከሚገባው ማሸጊያ) የገዙበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ ክፍፍሉ ላይ ወጪዬ ይታሰብልኝ የሚሉት በእሱ ነው።