የ1975 የማካሮቭ ጥይት ዛሬ ይሠራል ወይ? ለጠያቂው ወንድማችን

ጥያቄህ ይህ ነበር፦ በፈቃድ ወደ ስምህ የዞረ የአባትህ ማካሮቭ ሽጉጥ አለ። ጥይቱ ግማሹ ከቆዳ ማኅደሩ ጋር፣ ግማሹ በብስኩት ቆርቆሮ ፒያሳ ባለው አሮጌ ቤት ተቀምጧል። ቀለሁ ግርጌ ላይ 75 ይላል። ጊዜው አልፎበታል ወይ?

75 የተሠራበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በእኛ 1967 ወይም 1968 መሆኑ ነው። ጥይት እንደ መድኃኒት የሚያበቃበት ቀን የለውም፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ 50 ዓመት አልፎትም ይተኮሳል። ባሩዱ ቀስ እያለ መበስበሱ አይቀርም፣ ግን ፋብሪካው መበስበሱን የሚገታ ነገር ይጨምርበታል። ያንን ቶሎ የሚጨርሰው ሙቀት ነው። ስለዚህ ኮርኒስ ላይ፣ ከጣሪያ ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጥ። ሚያዝያ ላይ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ያ መፈራረቅ ጤዛ ያመጣል። ወለል ላይም አይሁን፣ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ፤ ክረምት ላይ እርጥበቱ ከሥር ይወጣል። የቤቱ መሃል፣ ከወለል አንድ ክንድ ከፍ ያለ፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይበቃል። የአዲስ አበባ አየር ለዚህ የተመቸ ነው፤ የሚያስቸግረን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ብቻ ነው።

ዛሬውኑ ከቆዳው አውጣ። ቆዳ የተለፋበት ኬሚካል ከእርጥበት ጋር ሆኖ ነሐሱን ይበላዋል፤ አረንጓዴ የሚያለብሰው እሱ ነው። ሽንት ቤት አጠገብም አይሁን፣ ከበረኪና ጋርም አይሁን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ውስጥ ጥይቱን በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ ውስጥ አስቀምጦ ቀለሆቹ እየተሰነጠቁ አስቸግረውት ነበር። ኋላ ሲጣራ ጥፋተኛው ከፈረስ ሽንት የሚነሳው አሞኒያ ሆነ። የድሮ ግቢ ሽንት ቤትም ያው አሞኒያ አለው።

የብስኩት ቆርቆሮ አየር ያስገባል። ክዳኑ ዙሪያ ጎማ ያለው የብረት ሣጥን ምናለሽ ተራ ፈልግ። ከመግዛትህ በፊት ቁራጭ ወረቀት ጎማው ላይ አድርገህ ዝጋና ሳብ፤ በቀላሉ ከወጣ ጎማው ሞቷል። አራቱንም ጎን እንዲህ ሞክር፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ማጠፊያው በኩል ነው። ለ10 ሊትር ሣጥን 50 ግራም ያህል ሲሊካ ጄል ይበቃል፤ ከጫማ ካርቶን የምታገኛት ትንሽ ከረጢት ግን ለረጅም ጊዜ ከክፍል አየር ስትጠጣ ስለቆየች ሳትደርቅ አትረባም። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ካገኘህ ሰማያዊው ሮዝ ሲሆን ጠግቧል ማለት ነው። በ110 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቀው፣ ግን ምግብ በምትሠራበት ዕቃ አይሁን፤ ሰማያዊው ቀለም ኮባልት ነው፣ መርዝ ነው። ሩዝ ምንም አይጠቅም። ጨው የሚሉህን ጭራሽ አትስማ።

ሣጥኑን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ በደረቅ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዝጋው። የምታሽገው አየሩንም ጭምር ነው፤ ሐምሌ ላይ ከዘጋህ ሐምሌን ውስጡ አስቀመጥክ ማለት ነው። ከዚያ «እስቲ ልይ» እያልክ በክረምት አትክፈት።

ከማሸግህ በፊት አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። ዘይት፣ ናፍጣ፣ የዝገት ማስለቀቂያ አትንካው፤ መርፌው የምትመታት ክብ ማቀጣጠያ ዙሪያ ሰርጎ ይገባና ያከሽፋታል። ብዙ ጥይት የሚከሽፈው በዕድሜ ሳይሆን «ተንከባከብኩት» ባለው ሰው እጅ ነው። ነሐሱ ጠቁሮ ከሆነ ችግር የለውም። አረንጓዴው ሲጠረግ ለቆ ከሥሩ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው፤ ጉድጓድ ከተወ፣ ማቀጣጠያዋ ዙሪያ አረንጓዴ ካለ፣ ቀለሁ ከተሰነጠቀ ወይም አረሩ በጣት ሲነካ ከተነቃነቀ ለይተህ አስቀምጥ። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የለም። ቀለሁ ብረት ከሆነ የተቀባው ቀለም የተላጠበትን ቦታ እይ፤ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሽጉጡ ውስጥ የሚኖረው ጥይት ሌላ ጉዳይ ነው። ያንኑ አንዱን ጥይት ደጋግመህ ካቀባበልከው አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ እየተገፋ ይገባል፣ ግፊቱም ከልክ በላይ ይሆናል። ከጎኑ አዲስ ጥይት አቁመህ ቁመታቸውን አስተያይ፤ ያጠረው አይተኮስ።

በተፈቀደ ቦታ ስትተኩስ ከከሸፈ ቶሎ አትክፈት፤ አፈሙዙን አደጋ ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዝክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ድምፁ ከወትሮው ካነሰ ሁለተኛ ምላጭ አትሳብ፤ አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጥለው ቱቦውን ይቀደዋል። ከተኮስክ በኋላም ቱቦውን በሙቅ ውኃ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ ዘይት ቀባ። የዚያ ዘመን ብዙ የሶቪየት ጥይት ማቀጣጠያ ጨው ይተዋል፤ ናፍጣ ደግሞ ጨው አያሟሟም፣ ስለዚህ በናፍጣ የታጠበ ሽጉጥ በሳምንቱ ዝጎ ታገኘዋለህ።

ለይተህ ያስቀመጥከውን ቆሻሻ ገንዳ፣ ሽንት ቤት ወይም እሳት ውስጥ እንዳትጥል፤ አረሩን ነቅለህ ባሩዱን ለማየትም አትሞክር። ከጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ወዲህ የጥይቱም ብዛት ስለሚያስጠይቅ መጀመሪያ ቆጥረህ ከፈቃድህ ጋር አመሳክር። ከዚያ ለፖሊስ ጣቢያ አስቀድመህ ደውለህ ተናገርና እነሱ ባሉህ መንገድ አስረክብ፤ የርክክቡን ወረቀት ፊርማና ማኅተም ይዘህ ውጣ።