አመዱን ከመበተናችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የአፈር ሳይንስ ተማሪ «በእርሳስና በካድሚየም ለተበከለ አንድ ሄክታር መሬት ስንት ቶን የድንጋይ ከሰል አመድ ይበቃል?» ሲል ጻፈልኝ። የአፈሩን ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱን ልክ፣ አልነገረኝም፤ አመዱ ከየትኛው የኃይል ማመንጫ እንደወጣም አልጠቀሰም። የዛሬ ወጣቶች ቁጥር ትወዳላችሁ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግን ይታክታችኋል። ይሁንና ጥያቄው ቁጭቱ እስከ ዛሬ ያልወጣልኝን አንድ መስክ አስታወሰኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን፣ ከተዘጋ የማዕድን ማቅለጫ አጠገብ የሚገኝ መሬት እንዲያክም በተቋቋመ ቡድን ውስጥ ጠርሙስ ተሸካሚ ነበርኩ። መሬቱ ሣር እንኳ አያበቅልም። አመድና ኮምፖስት ተቀላቅሎ ተበተነ፤ ከአፈሩ ጋር ታረሰ፤ ዘር ተዘራበት። ዝናቡ ሲያባራ መስኩ አረንጓዴ ለበሰ። ከአፈሩ ወደ ውኃ የሚሟሟው እርሳስና ዚንክም አሽቆለቆለ። ኃላፊዎች እየመጡ ሣሩ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር።

አብረውን አንዲት አንጋፋ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ነበሩ። ውኃ የሚቀዱት ከመስኩ ግርጌ ካለው ማፋሰሻ ቧንቧ ነው። ጠርሙሱን በዚያው ውኃ ደጋግመው ሳያለቀልቁ አይሞሉም። ከዚያ አጣርተው ናይትሪክ አሲድ ጠብ ያደርጉበታል፤ አለዚያ ከውኃው ውስጥ የሚፈለገው ብረታ ብረት ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ እኛም ከጩኸት ይልቅ ያንን እንፈራ ነበር። ውሉ የሚጠይቀው እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም ብቻ ሆኖ ሳለ እርሳቸው አርሰኒክ የተባለውን መርዝም ይለኩ ነበር። አርሰኒኩ በየወሩ ይጨምራል።

ነገሩ ተአምር አልነበረም። እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላላቸው አመዱ የአፈሩን አሲዳማነት ሲቀንስ ይዘቅጣሉ ወይም ከአፈሩ ቅንጣቶች ጋር ይጣበቃሉ። አርሰኒክ ግን ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ አሉታዊ ሙሌት ይዞ ስለሚጓዝ ፒኤች ከፍ ሲል፣ ማለትም አሲዳማነቱ ሲቀንስ፣ ከያዘው የብረት ኦክሳይድ ይላቀቃል። ከኮምፖስቱ የሚመጣው ፎስፌትም ቦታውን ይቀማዋል። ባለሙያዋ መዝገባቸውን ይዘው ሥራ መሪው ዘንድ ገቡ። «ውሉ ላይ አርሰኒክ የለም» ተባሉ። ገንዘቡ አለቀ፤ መስኩ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ መዝገቡ ማንም በማይከፍተው መጋዘን ተጣለ፤ እርሳቸውም ጡረታ ወጡ። ያ መዝገብ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ከእኛ በኋላ የመጡት ስንት ነገር በተማሩበት! ቁጥር ትወዳላችሁ ብዬ ወቀስኳችሁ፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ለካ ቁጥር ነው።

የኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት ጠልቶ ነው እንዳትሉኝ። ቤልጂየም ውስጥ ሎመል በተባለ ስፍራ፣ የዚንክ ማቅለጫ ያራቆተው መሬት እ.ኤ.አ. በ1990 ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ተረፈ ምርት ቃጠሎ በተገኘ ቤሪንጋይት በተባለ አመድና በኮምፖስት ታክሞ ዳግም ሣር አብቅሏል። ተመራማሪዎቹ ከዓመታት በኋላም እየተመለሱ መለካታቸው ነው የሚያስቀናኝ። ባውክሳይት ከተባለው የአሉሚኒየም ማዕድን አሉሚና ሲመረት የሚቀረው ቀይ ጭቃም ካድሚየምንና ዚንክን አጥብቆ ይይዛል። ይኸው ጭቃ እ.ኤ.አ. በ2010 ሃንጋሪ ውስጥ አይካ አጠገብ ግድቡን ጥሶ የ10 ሰዎች ሕይወት አጥፍቷል፤ የሰዉን ቆዳ ያቃጠለው አፈሩን የሚያክመው ያው አልካላይንነቱ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ባሕርዩ፣ ነበር። የከሰል አመድ ደግሞ የራሱን አርሰኒክና ቦሮን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ስለ ጓንትና ጭምብል አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ግን ብረታ ብረቱ ከመሬቱ እንዳልወጣ አትርሱ፤ ጠቅላላ መጠኑ እዚያው ነው። ዓመታት አልፈው አፈሩ መልሶ አሲዳማ ሲሆን የታሰረው ይፈታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አመዱንና አፈሩን በማሰሮ ቀላቅሉ፤ የሚንጠባጠበውን ውኃ ለእርሳሱ ብቻ ሳይሆን ለአርሰኒክና ለክሮሚየምም መርምሩ።

ለቀጣይ የውኃ ምርመራ በጀት ያልተያዘለት ሥራ ባይጀመር ይሻላል እል ነበር። እንደዚያ ስል ግን ከተራቆተ መሬት የሚነሣው አቧራ እርሳስ ተሸክሞ በየቤቱ እንደሚገባ፣ ሕፃናትም እንደሚተነፍሱት አውቃለሁ። እንዲህ ያለ መሬት ዛሬ ቢሰጠኝ በጀቱ ባይሟላም አመዱን እበትናለሁ። ማፋሰሻ ቧንቧውን ግን ከመበተኔ በፊት አስቀብራለሁ፤ አርሰኒክንም ውሉ ላይ አስጽፋለሁ።