ለ240 ጋሎን የጨው ውሃ ታንክ በ200 ዶላር ምን ዓይነት ዩቪ ይገኛል?

ሰላም ወንድሜ፣ እንኳን ወደዚህ ሱስ በደህና መጣህ።

ጥያቄህን ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ቤትህ ውስጥ 240 ጋሎን፣ 900 ሊትር ገደማ የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለህ። ኮራልም ዓሣም አለበት። አዲስ ያስገባኸው ፐርፕል ታንግ የሚባለው ዓሣ ላይ ነጭ ነጥብ ወጣበት። አሸዋው ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቡናማ ልጋግ ይታያል፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ዩቪ ስቴሪላይዘር፣ ማለትም ውሃውን በጨረር አምፖል አጠገብ እያሳለፈ ተሕዋስያንን የሚገድል ዕቃ፣ ለመግዛት 200 ዶላር መድበሃል፤ ሱቅ ያሳዩህ ግን 500 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። "ርካሹ ይሠራል ወይ?" ነው ያልከው።

ይሠራል። ግን ከርካሾቹ የትኛው እንደሚሠራ መለየት አለብህ። ደግሞም ካሰብክለት ሁለት ሥራ አንዱን ማንኛውም ዩቪ፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ አይጨርስልህም። እኔ እዚሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሰው ታንክ እየተንከባከብኩ ስለምኖር ዩቪ መግጠምና መንቀል የየሳምንት ሥራዬ ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ የታንጉ ነገር። ከቀይ ባሕር የሚመጣው ይሄ ውብ ዓሣ ለነጭ ነጥብ በሽታ በቀላሉ ይጋለጣል። በሽታውን የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ነው። የምታየው ነጥብ ጥገኛው ከቆዳው ሥር ገብቶ ሲመገብ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን እዚያ ይቆይና ይወድቃል፤ አሸዋ ወይም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ውስጡም ይባዛል። ከዚያ ብዙ ጊዜ በጨለማ፣ ዓሣው ተኝቶ ሳለ፣ ግልገሎቹ እየዋኙ ይወጣሉ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። ዩቪ ሊያገኛቸው የሚችለው በዚህች አጭር የመዋኛ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ፓምፑ ከሳባቸው። ቆዳ ውስጥ ያለውንም ቅርፊት ውስጥ ያለውንም አይነካም። ስለዚህ ቁጥራቸውን ይቀንስልሃል እንጂ አይነቅላቸውም።

መድኃኒቱ ያው የታወቀው ነው። ዓሦቹን በሙሉ፣ ደህና የሚመስሉትንም ጭምር፣ አውጥተህ በሌላ ታንክ በመዳብ ማከም ነው። ዋናው ታንክ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆያል። መዳቡን ኮራል ያለበት ታንክ ውስጥ እንዳትጨምር፤ ኮራሉን ይፈጅብሃል። መጠኑን በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ እንደተጻፈው አድርገህ በመለኪያ ኪት እያረጋገጥክ ሂድ። ከ200 ዶላርህ ላይ ለማቆያ ታንክ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ አስቀር የምልህ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቡናማው ልጋግ። ዲኖፍላጀሌት የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ ፍጥረት ይመስለኛል፤ ሁላችንም "ዲኖ" የምንለው። እዚህ ላይ ዩቪ እውነተኛ ጉልበት አለው፣ ግን እንደ ዓይነቱ ነው። ኦስትሪዮፕሲስ የሚባለው ማታ ማታ ከአሸዋው ተነሥቶ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። በደንብ የተገጠመ ዩቪ ብዙውን ያነሣልሃል። አምፊዲኒየም ግን ማታም አሸዋው ውስጥ ይደበቃል፤ ለሱ የፈለግከውን ያህል ዋት ብትገዛ ለውጥ የለውም። ሁለቱም ማታ ከዓይን ስለሚጠፉ በዓይን መለየት አይቻልም። የልጆች የምትባለው ርካሽ ማይክሮስኮፕ ትበቃለች። ዩቪ ከመግዛትህ በፊት እሷን ግዛ።

እንግዲህ ኦስትሪዮፕሲስ ነው እንበል። ሱቅ ስትገባ ካርቶኑ ላይ "እስከ 300 ጋሎን" የሚል ታነባለህ። ለምን ሥራ 300 ጋሎን? አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ውሃ ለማጥራት ነው፤ ያ ቀላሉ ሥራ ነው። አንተ ማወቅ ያለብህ ውሃው በአምፖሉ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል ጨረር እንደሚያገኝ ነው። ይሄ የሚለካው በካሬ ሴንቲ ሜትር በማይክሮዋት ሰከንድ ነው። በንግዱ ውስጥ የተለመደው ልክ ለተንሳፋፊ አልጌና ለባክቴሪያ 30,000 ገደማ፣ ለጥገኛ ነፍሳት ደግሞ ከ90,000 እስከ 180,000 ነው። ይሄ ቁጥር የጨረሩ ኃይልና የጊዜው ብዜት ነው። እጅህን በሻማ ነበልባል ላይ ቶሎ ብታሳልፈው አያቃጥልህም፤ ብታቆየው ያቃጥልሃል። ስለዚህ አንድ ዩቪ በሰዓት 1,200 ጋሎን ሲያልፍበት 30,000 የሚሰጥ ከሆነ፣ ያው ዩቪ በ400 ጋሎን 90,000 ይሰጥሃል። በ200 ጋሎን 180,000። ምንም ሳትጨምር፣ ቧንቧውን በማጥበብ ብቻ።

"እንግዲያው እንደ ጠብታ ላድርገው" እንዳትል። በጣም ከዘገየ የታንኩ ውሃ በዩቪው ሳይዳረስ ዲኖው ይባዛል። የተቀላቀለ ውሃ ስለሆነ የታንኩን መጠን አንድ ጊዜ ብታዞር እንኳ 37 በመቶው ገና በዩቪው አላለፈም። ሦስት ጊዜ ስታዞር ነው ወደ 5 በመቶ የሚወርደው። ድንጋይና አሸዋው ሲቀነስ ያንተ ታንክ እውነተኛው ውሃ 200 ጋሎን ያህል ይሆናል። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ታንክ በሰዓት 400 ጋሎን አካባቢ አደርጋለሁ። ያን ፍሰት ይዞ በቂ ጨረር የሚሰጥ ደግሞ ትልቅ አምፖል ነው። ለዲኖ የሚመከረው በ3 ጋሎን 1 ዋት ገደማ ነው፤ ላንተ 65 ዋት አካባቢ ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለ 9 እና ባለ 18 ዋቶቹን፣ ዋጋቸው ቢጥምም፣ ከወዲሁ እርሳቸው የምልህ።

በ200 ዶላር ሁለት መንገድ አለህ። ጊዜ ካለህ እኔ ብሆን የምመርጠው አገልግሎት ላይ የዋለ የአኳ አልትራቫዮሌት ወይም የፔንቴር ምርት ቀፎ (አምፖሉ የሚገባበት አካል) መፈለግ ነው፤ 57 ዋት አካባቢ። ታንካቸውን የሚያፈርሱ ሰዎች ሁሌም ይሸጣሉ። የእነዚህ ዕቃ አምፖሉም፣ የኳርትዝ መስታወቱም፣ ጎማው እንኳ ለብቻው ይሸጣል። ቀፎውን ከፍተህ ውስጡን እየው። ፕላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ወይም ሲጫኑት የሚፈረፈር ከሆነ ተወው። አምፖሉን ግን አሮጌ ነው ብለህ ቁጠርና የአዲሱን ዋጋ ጨምረህ ተደራደር።

ሁለተኛው ለኩሬ የሚሠራ 55 ዋት ነው፤ እንደ ጄባኦ ያለው። የኮራል ሰዎች ለዲኖ ሲሉ በብዛት የገዙት ይሄን ነው። ከ65 ዋት ትንሽ ያንሳል፣ መልኩም አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። ስትገዛ አራት ፒን ያለው፣ 2ጂ11 የሚባለው የተለመደ መሰኪያ ያለው አምፖል መሆኑን እይ። ያን ጊዜ ፋብሪካው ነገ ቢዘጋም የፊሊፕስ 55 ዋት አምፖል ገዝተህ ትቀጥላለህ። ከ55 ዋቱ ውስጥ የሚገድለው ጨረር፣ 254 ናኖሜትር የሆነው፣ 17 ዋት ያህሉ ነው፤ የቀረው ሙቀትና ሌላ ብርሃን ነው። ስለዚህ ዋቱ ራሱ ውሸት ከሆነ ከሳርክ። አንድ ቤት 55 ተብሎ የተገዛ ስም የለሽ ዩቪ በመለኪያ ሶኬት ላይ ስሰካው የግማሹን ያህል ነበር የሚስበው። መለኪያ ሶኬት ርካሽ ናት፤ ሰካና አረጋግጥ፤ ካልሆነ መልስ።

ሐምራዊ ኤልኢዲ ያላቸውን፣ 395 ወይም 405 ናኖሜትር የተጻፈባቸውን አትይ። ለዲስኮ ይሆናሉ። ለቤት የመጠጥ ውሃ የሚሸጠው የማይዝግ ብረት ዩቪም ዋጋው ያጓጓል፤ የጨው ውሃ ግን ያንን "የማይዝግ" የሚሉትን ብረት ያዝገዋል። ጣፋጭ ውሃ ቢሆን ኖሮ ግዛው እልህ ነበር።

አገጣጠሙ ከምርቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። የራሱ ትንሽ ፓምፕ ይኑረው፤ ውሃውን ከሰምፕ (ከታንኩ ሥር ካለው የማጣሪያ ታንክ) ወደ ላይ ከሚመልሰው ፓምፕ ላይ አትቀጥለው። ለዲኖ ከሆነ ውሃውን ከዋናው ታንክ ሳብና እዚያው መልስ፤ ሰምፕ ውስጥ የሚዞር ውሃ ማታ ከአሸዋው የሚነሣውን ቶሎ አያገኘውም። ለአጠቃላይ ንጽሕና ከሆነ ሰምፕ ውስጥ ከማጣሪያው ካልሲ በኋላ ይሁን፣ ደፍራሽ ውሃ ጨረሩን ስለሚጋርደው። ፍሰቱን ፓምፑ ላይ በተጻፈው አትመን። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ከመውጫው ሥር አድርግና በስልክህ ሰዓት ያዝ። በ45 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 400 ጋሎን ነው። ዩቪውንና ፓምፑን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው፤ ፓምፑ ቆሞ አምፖሉ ብቻውን ቢበራ ውሃው እዚያው ይግላል፣ ቀፎውም ይጎዳል። ማከፋፈያው ራሱ ጂኤፍሲአይ ሶኬት ላይ ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚቋረጠው ማለት ነው። ሽቦው ከሶኬቱ በታች ጎንበስ ብሎ ይውጣ፤ ውሃ ቢንጠባጠብ ወለል ላይ ይውደቅ እንጂ ሶኬት ውስጥ አይግባ።

አምፖሉ 9,000 ሰዓት ያህል ነው የሚያገለግለው፤ ሌት ተቀን ሲበራ አንድ ዓመት ነው። ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። ዓመቱ ካለፈም በኋላ ሰማያዊው ብርሃን ይታያል፤ የሚገድለው ጨረር ግን ለዓይን አይታይም፣ ደክሞም ሊሆን ይችላል። ቀኑን ቀፎው ላይ በማርከር ጻፍ። መስታወቱ ላይ ደግሞ ካልሲየም ይጋገራል፤ ኮራል ያለበት ታንክ ላይ ይብሳል። በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥተህ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው። አምፖሉን በባዶ እጅ አትንካ፤ ከነካኸው በአልኮል ጥረገው። የበራ አምፖል ከቀፎው ውጭ በፍጹም አትይ፣ ዓይን ያቃጥላል። ልጆች ካሉህ ሥራውን እነሱ ሲተኙ አድርገው።

በጠርሙስ የሚሸጠውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ታንኩ ውስጥ ስትጨምር ዩቪውን ለሁለት ቀን አጥፋው። በማቆያ ታንክ መዳብ ስታደርግም ዩቪ አትጠቀም፤ መዳቡን የያዘውን ውህድ ይፈታና ነጻው መዳብ ዓሣውን ይመርዝብሃል። ዩቪ ናይትሬትና ፎስፌት አይቀንስም፤ ስኪመርህን፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣውን ዕቃ፣ አይተካም። ኮፔፖድ የሚባሉትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይጨርሳል የሚሉም አሉ፤ ብዙው የሚኖረው ድንጋይ ላይ ስለሆነ አያስጨንቅህ።

መብራቱ፦ 55 ዋት በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በ15 ሳንቲም ብታሰላው 6 ዶላር።

አሁን የሰምፕህን ፎቶ ለጥፍልኝ፣ የታንኩን ጀርባም ጨምረህ። የልጋጉን የማይክሮስኮፕ ቪዲዮም ካገኘህ ላክ፤ ዓይነቱን አብረን እናያለን። የፓምፑንና የቧንቧውን መጠን ያን ጊዜ እነግርሃለሁ፤ እስከዚያ ምንም አትግዛ።