ውሃውን አሳንሼ ይሆን?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ጻፈልኝ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ 120 አባወራ ላለው መንደር ስንት ኪሎዋት ሶላር ይበቃል?» ስሌቱን በአሥር ደቂቃ ሠርቼ ልልክለት እችል ነበር። ግን ወረቀቱን ሳብ እንዳደረግሁ እጄ አልንቀሳቀስ አለ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በእሱ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱንም በትክክል አግኝቼው ነበር፤ መንደሩ ግን በአራተኛው ዓመት ወደ ጨለማው ተመለሰ።

በአንድ የገጠር ኤሌክትሪክ ፕሮጀክት የሶላሩን ሥራ የምመራው እኔ ነበርኩ። መንደሩ ዋናው መስመር በቅርብ ይደርሰዋል ተብሎ የማይታሰብ፣ ከመኪና መንገድ የራቀ ነው። ዕቅዳችን ለጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ፣ ለትምህርት ቤቱ መብራት፣ ለየቤቱ ሁለት ሁለት አምፖል ነበር። ፓነል ያን ጊዜ እንደ ዛሬው አልረከሰም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ዋጋው በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ እኛ የሠራነው ከዚያ በፊት ስለነበር እያንዳንዷን ዋት እየቆጠርን ነው።

ሕዝቡን ሰብስበን ዕቅዱን ስናስረዳ አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ወፍጮ ያዞራል?» አሉኝ።

«እማማ፣ አሁን መብራቱ ይግባ፤ ወፍጮው ቀስ ብሎ ይመጣል» አልኳቸው።

«መብራቱማ ያሳየናል። የሚከፍለው ግን ወፍጮው ነው» አሉና ተቀመጡ።

ክፍሉ ውስጥ «እውነት ነው» የሚል ማጉረምረም ተሰማ። እኔ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍኩ። በሙያ በኩል ምክንያት ነበረኝ፤ የወፍጮ ሞተር ሲነሣ የሚስበው ከረንት በደህና ሲዞር ከሚስበው አምስት፣ ስድስት እጥፍ ስለሚደርስ የኛ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ መስመር ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ) ገና በመጀመሪያው ሰከንድ ራሱን ያጠፋ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ «ወፍጮ፦ ሁለተኛ ምዕራፍ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛ ምዕራፍ የሚባል ነገር አልመጣም።

መብራቱ የበራበትን ማታ አልረሳውም፤ የነበረውንም ደስታ አላቃልልም። ልጆቹ እስከ እኩለ ሌሊት አልተኙም። የባትሪ ቤቱን በር ሰማያዊ ቀለም ቀባንና ብልሽት ሲያጋጥም የሚደወልበትን የቢሮውን ስልክ ቁጥር በገዛ እጄ በነጭ ጻፍኩበት። ባትሪውን የሚጠብቅ አንድ ወጣት መርጠን አሠለጠንን። የባትሪ ውሃ በጄሪካን፣ አንድ ቴስተር (የቮልቴጅ መለኪያ) እና አንድ ደብተር ሰጠነው። በእርሳስና አሲድ የሚሠራ ባትሪ እንደ ከብት ጠባቂ ይፈልጋል። ውሃው ጎድሎ በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሳህኖች አየር ካገኛቸው ይሞታሉ፤ በየማታው ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል። ይህን ሁሉ አስተማርኩት፤ ጎበዝ ተማሪም ነበር። የንድፍ ሰነዴ ውስጥ «ባትሪ በየአምስት ዓመቱ ይቀየራል» የሚል መስመር አለ። ማን ይቀይረዋል? በምን ገንዘብ? አልጻፍኩም። ሕዝቡ በየወሩ የሚያዋጣው ለጠባቂውና ለውሃው ብቻ የሚበቃ ነበር።

ከዓመታት በኋላ በሌላ ሥራ በዚያ አቅጣጫ ሳልፍ መኪናውን አስጠመዘዝኩ። ስደርስ ሰማያዊው በር ላይ ቁጥሩ አሁንም ይነበባል። ቢሮው ግን ፕሮጀክቱ ያለቀ ዕለት ተዘግቷል፤ ስልኩም አብሮ። ያ ወጣት የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ሲያየኝ ሮጦ ወደ ቤቱ ገባና ደብተሩን ይዞልኝ መጣ።

እዚያው ቆሜ ገጽ በገጽ አገላበጥኩት። ቀን፣ ጠዋት፣ ማታ፣ ውሃ። በማስመሪያ የተሰመረ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ጠዋት ጠዋት 12.7፣ 12.6 ቮልት ይላል። ሦስተኛው ዓመት ላይ 12.1፣ ከዚያ 11.8፣ ከዚያ 11.3፤ ባትሪው እየደከመ ነው። እዚያ ሲደርስ ከቁጥሩ ጎን በደቃቅ ጽሕፈት «ደወልኩ፤ አይነሣም» የሚል ይጀምራል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና፣ በወሩ እንደገና። አሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። መብራቱ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ እንኳ ሁለት ወር ያህል ቀኑን እየጻፈ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ትቶታል።

አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። «ጋሼ፣ ውሃውን አሳንሼ ይሆን?» ብቻ አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ጥፋቱ የሱ መስሎት ኖሯል! «የለም፣ ያንተ አይደለም» አልኩት፤ ስለማመኑ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። በራሱ ቴስተር ፓነሎቹን ለካሁ፤ እኩለ ቀን ነበርና ሙሉ ቮልቴጅ ይሰጣሉ። ፀሐዩም አለ፣ ፓነሉም አለ።

ከመንደሩ ወዲያኛው ጫፍ የሞተር ድምፅ ይሰማ ነበር። አንድ ሰው የናፍጣ ወፍጮ አምጥቶ ተክሏል። ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ባለቤቱ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶበት ሦስቱንም ጊዜ ከወፍጮው ገቢ እንዳሠራው ነገረኝ። በሩ ላይ የማንም ስልክ ቁጥር የለም።

ዛሬ «የመጫኛ ጥራት»፣ «የሕዝብ ተሳትፎ» እያልኩ የማውራት ፍላጎት የለኝም፤ እናንተ ወጣት መሐንዲሶች በየሥልጠናው ትሰሙታላችሁ። የምለው ይህን ነው። ፀሐይ የምትበረታው ቀን ነው፤ አምፖል የሚፈለገው ማታ። ስለዚህ ለመብራት ብቻ የተሠራ ሶላር ሸክሙን ሁሉ ባትሪው ላይ ይጭናል፣ ገቢ ደግሞ አያመጣም። ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእንጨት ሥራ በቀን ይሠራሉ፤ ባትሪውንም የሚተካው የነሱ ገቢ ነው። ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ መቆጣጠሪያ ዛሬ በቀላሉ ስለሚገኝ እኔ የእማማን ወፍጮ የተውኩበት ምክንያት ለእናንተ አይሠራም።

ባለቤትነት ደግሞ አለ። ሳምሶ የተባለችው የዴንማርክ ደሴት 4,000 ገደማ ሕዝብ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የመንግሥትን ውድድር አሸንፋ በአሥር ዓመት ውስጥ ከምትጠቀመው በላይ ኃይል ከነፋስ ማመንጨት ቻለች። ከነፋስ ማመንጫ ማማዎቹ ብዙዎቹ የገበሬዎቹና የነዋሪዎቹ ድርሻ ናቸው። ማማው ቆመ ማለት የራሳቸው ገቢ ቆመ ማለት ነው፤ ስለዚህ ይከታተሉታል። ባንግላዲሽ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሶላር ያስገቡት በየወሩ እየከፈሉ ነው። ክፍያ ሊሰበስብ የሚመጣው ሰው ብልሽቱንም ያያል። እኔ ቁጥር ጽፌ ሄድኩ፤ እነሱ ሰው አስቀመጡ።

በነጻ አትስጡ እያልኩ ነው? አዎ፣ ለብዙ ዓመት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ግን የጤና ጣቢያውን ማቀዝቀዣ ሳስብ ቃሌን እለውጣለሁ። ክትባት ወፍጮ አይደለም፤ የሱን ባትሪ መንደሩ ከኪሱ ይተካ ማለት ግፍ ነው።

ስለ ጠባቂው ምርጫም እንዲሁ ሐሳቤ ይከፈላል። ህንድ ውስጥ ቲሎኒያ ያለው ቤርፉት ኮሌጅ ማንበብ የማይችሉ አያቶችን የሶላር ባለሙያ ያደርጋል፤ ወጣት ወንድ ሰርተፊኬቱን ይዞ ከተማ ይገባል፣ አያት ግን መንደሯን አትለቅም ብለው ነው። እኔም ያቺን የወፍጮ እናት ባሠለጥን ኖሮ እላለሁ። ግን ያ ልጅም የትም አልሄደም፤ ደብተሩን ይዞ እዚያው ጠበቀኝ።

እናንተ ከኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ። የሚያሳስበኝ ሶፍትዌሩ ኪሎዋቱን ሲያወጣላችሁ ሥራው ያለቀ ስለሚመስላችሁ ነው። መንደሩ ሳታድሩ ንድፍ ትጨርሳላችሁ። እኛ ደግሞ አድረን አልሰማንም፤ የቱ እንደሚብስ እንጃ።

ለጠየቅከኝ ልጄ፦ ኪሎዋቱን ተወውና እዚያ ሰንብት። እህል ለማስፈጨት ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ፣ ለናፍጣና ለኩራዝ በወር ምን እንደሚያወጡ፣ ገንዘቡ በማን እጅ ቢቀመጥ እንደሚያምኑ ጠይቅ። ከኋላ የሚነሣ ሰው ካለ ያለውን ቃል በቃል ጻፈው። ያንን ላክልኝ፤ ስሌቱን ያን ጊዜ አብረን እንሠራለን።